ማማ፣ ሳማ፣ ባላ

በዓለም ላይ ከማልወዳቸው ነገሮች አንዱ ‹ማማ› የሚለው ቃል ነው። ማማው ራሱ ምንም አላደረገኝም፤ የጠላሁት ቃሉን ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣ አንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ አለ፣ የመጨረሻው ገጹ ላይ መስቀለኛ ቃላት ያወጣል። አግድምና ቁልቁል እየተሻገሩ የሚሞሉ ካሬዎች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ካሬ አንድ ፊደል ይገባል። አዘጋጁ ማን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰነፍ እንደሆነ ግን እምልበት ነበር። ቃል በቸገረው ቁጥር ‹ማማ›ን ይሰነቅራል። «ወፍ ጠባቂ የሚቆምበት፣ ሁለት ፊደል።» በሚቀጥለው ሳምንት «ከፍ ያለ የማሳ መጠበቂያ፣ ሁለት ፊደል።» በሦስተኛው ደግሞ፣ አያፍርም፣ «ወፍ ጠባቂ የሚቆምበት» ይላል እንደገና። ማማ ካልሆነች ሳማ ናት፤ «የሚለበልብ ቅጠል»። ሳማ ካልገባች ባላ፤ «የድጋፍ እንጨት»። ኤሊም በወር ሁለቴ ብቅ ማለቷ አይቀርም። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁ ሰው ነኝ። በዚህ ቋንቋ ውስጥ ያሉት ቃላት አራት ብቻ ሲመስሉ ጨጓራዬ ይላጣል።

ጋዜጣውን የማገኘው ከአብዱልዋሂድ ሱቅ ነው። አብዱልዋሂድ ስኳርና ሳሙና ይሸጣል፣ ጋዜጣ ደግሞ ያከራያል። መንገድ ክፍት በሆነ ሳምንት ሰኞ ጠዋት ሁለት ቅጂ በአውቶቡስ ይደርሰዋል፤ አንዱ ይሸጣል፣ ሌላው ሳምንቱን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። በሩ ፊት ባለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ማንበብ፣ ሲጨርሱ መመለስ ነው። ሕጉ አንድ ነው፤ ጋዜጣውን በእስክሪብቶ የነካ ይገዛዋል። በእርሳስ የጻፈ አጥፍቶ ይመልሳል። እኔን ግን አጥፋ ያለኝ የለም። «መምህር የጻፉትን ማጥፋት ነውር ነው» ይላል አብዱልዋሂድ፤ ልጆቹን አንድ ባንድ አስተምሬለታለሁ።

ባለቤቴ ዘመናይ በሕይወት ሳለች ጋዜጣውን ገዝቼ ቤት እወስደው ነበር። እሷ ምስር ትለቅማለች፣ እኔ ጥያቄውን አነብላታለሁ። ዘመናይ ብዙ አልተማረችም። አሥሩን ጥያቄ ዝም ብላ ታሳልፍና «ወፍ ጠባቂ የሚቆምበት» ስል ቀና ትላለች። «ማማ! እሱን እኔ አውቀዋለሁ!» እኔም «እሱንማ ማን ያጣዋል፣ የቸገረኝን ብትነግሪኝ» እላታለሁ። በየሳምንቱ ደስ ይላታል፣ በየሳምንቱ ይህንኑ እላታለሁ። ካረፈች ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። ከዚያ ወዲህ ጋዜጣ ገዝቼ አላውቅም፤ ቤት ወስጄ ለማን ላነበው? እነዚያን ቃላትም መሙላት ተውሁ። ምነው ብሎ ለሚጠይቀኝ የሰነፍ አዘጋጅ ሥራ አልሠራለትም፣ ተቃውሞ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው። የእሷ ስለነበሩ ነው የማልሞላቸው።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰኞ የጀመርሁትን ልጨርስ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጬ ጋዜጣውን ገለጥሁ። ባዶ የተውኋቸው ካሬዎች ተሞልተዋል። ማማ። ሳማ። መልሱ ልክ ነው፣ ግን ፊደሎቹ ከካሬው ወጥተው ጎረቤት ደርሰዋል፤ እርሳሱም ከመጫኑ ብዛት ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

«ማነው ይኼን የነካ?» አልሁት አብዱልዋሂድን።

«ከሰዓት በኋላ የሚመጣ ደንበኛ ነው፣ መምህር። በእስክሪብቶ እኮ አይደለም።»

«እኔ የጀመርሁት ላይ ምን ቆርጦት ነው የሚጽፈው?»

«ባዶ ሆኖ አይቶት ይሆናል። እንዲያጠፋው ልንገረው?»

«ተወው» አልሁና ራሴ አጠፋሁት። በማግስቱ ብመጣ እንደገና ተጽፏል፣ አሁንስ ከፊተኛው ይብሳል። ደሜ ፈላ። ለሰው የማልናገረው ነገር ደግሞ አለ፤ በዘመናይ ቦታ አንድ የማላውቀው ሰው ገብቶ የተቀመጠ ያህል ሆነብኝ። እንደተናደድሁ ቤቴ ገብቼ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፍሁ።

«የተከበሩ አዘጋጅ ሆይ፣ ማማ፣ ሳማ፣ ባላና ኤሊ የሚባሉት ቃላት በየሳምንቱ እየተመላለሱ አሰልችተውናል። እንዲህ ያሉት ቃላት ፊደል በቅጡ ያልለየ መሃይም ሁሉ ገብቶ የሚሞላቸው ናቸው። መስቀለኛ ቃላቱ ማንበብ ለሚችል ሰው ቢዘጋጅ መልካም ነው እላለሁ። መሳፍንት፣ ከደብረ ማርቆስ።»

መሃይም ያልሁት አዘጋጁን አልነበረም፤ ያን ባለትልልቅ ፊደል ሰውዬ ነው። ፖስታ ቤት ሄጄ አስገባሁት። መልስ ሳይመጣ ወር አለፈ፣ እኔም ረሳሁት።

በሦስተኛው ሳምንት ላጲሴ ጠፋብኝና የሰውየውን ጽሑፍ እንዳለ ተውሁት። በአራተኛው ሳምንት ላጲስ ነበረኝ፣ ግን አላጠፋሁም። በአምስተኛው ሳምንት ማክሰኞ ጠዋት አብዱልዋሂድ ሱቁን ሳይከፍት በር ላይ ቆሜ ራሴን አገኘሁት። ፊደሎቹ ከሳምንት ሳምንት እያነሱ፣ ወደ ካሬያቸው እየገቡ ሄዱ። ተማሪዬ ያልሆነ ተማሪ ሲሻሻል አይቼ ደስ አለኝ፤ ለምን ይዋሻል፣ ዘመናይ ከሞተች ወዲህ ደስ ያለኝ በዚያ ነው።

ከዚያ ወዲያ ለሰውየው እያልሁ መተው ጀመርሁ። ማማና ሳማን ብቻ ሳይሆን ገብስን ተውሁለት፣ ቀንበርን ተውሁለት። ሁሉንም ሞላ። አንድ ሰኞ «ሞፈርና ቀንበር የሚታሰሩበት ጠፍር፣ ሦስት ፊደል» የሚል ጥያቄ መጣ። ‹ማነቆ› ብዬ ጻፍሁ። ማክሰኞ ብመለስ ማነቆዬ ጠፍታ በቦታዋ ‹ምራን› ተጽፏል። ሠላሳ አራት ዓመት አማርኛ ያስተማርሁትን እኔን አርሞኝ ሄደ! ቁልቁል የሚወርደው ቃልም ያልገጠመልኝ በዚሁ ሰበብ ኖሯል። አግዳሚዋ ላይ ለብቻዬ ሳቅሁ። አብዱልዋሂድ ምን ነካቸው ብሎ አንገቱን አውጥቶ አየኝ።

ሰውየው ማን እንደሆነ አብዱልዋሂድ ቀስ በቀስ ነገረኝ። አቶ አበባው ይባላል፣ የሲናን ወረዳ ገበሬ ነው፣ ሚስቱ ስትሞትበት ልጁ የብርጓል እዚህ ማርቆስ አምጥታ አስቀምጣዋለች። እኔ የማልመጣው ከሰዓት፣ እሱ የማይመጣው ጠዋት ነው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ወጥቼ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁት። ቀጭን ሽማግሌ ነው፤ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ እርሳሷን በምራቁ እያራሰ ይጽፋል። ተሻግሬ እንደምን ዋሉ ብለው ኖሮ የዚህ ሁሉ ታሪክ መልክ ሌላ ይሆን ነበር። አልተሻገርሁም። ካወራን የሚያልቅብኝ መሰለኝ፤ ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ መጀመሪያ ሰላም ማለት ያለበት እሱ ነው የሚል ኩራት ያዘኝ።

መጋቢት ላይ አንድ ሰኞ ጋዜጣውን ስገልጥ ደብዳቤዬ ወጥቷል፣ ከነስሜ። ከሥሩ አዘጋጁ «አንባቢያችን በሰጡት አስተያየት መሠረት መስቀለኛ ቃላታችን ከዚህ እትም ጀምሮ ተሻሽሎ ቀርቧል» ይላል። በእውነትም ተሻሽሏል። የማላውቃቸው አገሮች ዋና ከተማ፣ የግዕዝ ግሥ፣ የማዕድን ስም ሞልቶበታል። አንዲት ማማ የለችበትም። አምስት ወር አስቀምጠውት፣ አሁን! አብዱልዋሂድ ከገበያ ዋጋ በቀር ሌላ ገጽ አያነብምና ምንም አላወቀም። ገጹን ቀድጄ ልውሰደው አልሁ፣ አፈርሁ። መልሼ አጥፌ ሰጠሁት።

ማክሰኞ ካሬዎቹ እንደተውኋቸው ናቸው። ረቡዕም እንደዚያው። በሚቀጥለው ሳምንት መሙላት ከምችለው ግማሹን ተውሁ፤ የነካው የለም። በሦስተኛው ሳምንት አብዱልዋሂድን ጠየቅሁት።

«አቶ አበባው ቀሩ እኮ፣ መምህር። ያን ሰሞን የሚሸጠውን ጋዜጣ ገዝተውኝ ሄዱ፣ በዚያው ቀሩ።»

«ገዝተው?»

«አዎ። ተከራይተው ማንበብ ጀምረው ነበር፣ ረዘም ያለ ነገር ነው፣ ጊዜ አይበቃኝም አሉና ገዙት።»

የብርጓል የምትኖረው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ሲለኝ በዚያው ሄድሁ። ልብስ እያሰጣች አገኘኋት። የአባቷ ወዳጅ ነኝ ብዬ ጠየቅኋት፤ ወዳጅ የሚለውን ቃል ስናገር አፌ ላይ ከበደኝ።

«አባባ ወደ አገሩ፣ ወደ ሮብ ገበያ ተመለሰ» አለችኝ። «ጋዜጣ ገዝቶ መጣ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጣቱን እያስኬደ አነበበ። ሲጨርስ በቃ ልሂድ አለ። ምን ሆንህ ብለው፣ ከተማ አልተስማማኝም አለኝ። በጋዜጣው ምክንያት ለምዶ ነበር እኮ! ጠዋት ሲነሳ ዛሬ ምን ቀን ነው እያለ ይጠይቀኝ ነበር።»

ያነበበው የእኔን ደብዳቤ እንደሆነ አልጠፋኝም። ቤቴ ገብቼ ከሰው ጋር የማልጋራው ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁና ሮብ ገበያ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቀው ወሰንሁ። ያ ደብዳቤ የእኔ ነው፣ ተናድጄ ነው፣ ይማሩኝ፣ ይመለሱ እለዋለሁ። ባዶ እጄን ደግሞ አልሄድም። መስቀለኛ ቃላት ራሴ ሠርቼለት እሄዳለሁ፣ ምን ይቸግራል?

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ማስመሪያና እርሳስ ይዤ ካሬውን አሰመርሁ፣ ቃላት መደርደር ጀመርሁ፣ ተጣበቅሁ። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ፊደሉ ጥቂት ስለሆነ የትም ይገጥማል ይላሉ፤ የእኛ ግን ‹መ› ሌላ፣ ‹ሙ› ሌላ፣ ‹ማ› ሌላ ነው። ላይኛው ቃል በ‹ማ› አለቀ፣ ታችኛውም በ‹ማ› አለቀ፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ቃል ስፈልግ ቀኑ መሸ። ሌላ ቃል እንደሌለ እያወቅሁ፣ ከኩራቴ ብዛት፣ ላይኛውን አፍርሼ እንደገና ሠራሁ። እንደገና እዚያው ደረስሁ። በሦስተኛው ቀን ማማን ጻፍኋት። ከማማ አጠገብ ሳማ ገባች፣ ከሳማ በታች ባላ፤ ዙሪያው ሁሉ በአንዴ ተያያዘና ቆመ። ያ አዘጋጅ ሰነፍ አልነበረም። ይቅርታ የምጠይቃቸው ሰዎች ሁለት ሆኑ።

ረቡዕ የገበያ ቀን ስለሆነ መኪና አላጣሁም። ሮብ ገበያ ስወርድ የጮቄ ተራራ ብርድ አጥንቴን ነካኝ። ጠይቄ ጠይቄ የአቶ አበባውን ቤት አገኘሁ፤ ደጁ ላይ ተቀምጦ ለዘር የሚሆን ድንች ይለያል። ገና ከማርቆስ፣ ከአብዱልዋሂድ ሱቅ ነው የመጣሁት ስለው ድንቹን ጥሎ ተነሳ።

«መምህሩ! መምህሩ ነዎት አይደል? በሞቴ ይግቡ! እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት? ቤት ደህና? ከብቱ… ኧረ እርስዎ ምን ከብት አለዎት! ደህና ነዎት?»

ጉልበቴን ይዞ ሊሳለመኝ ሲል ትከሻውን ይዤ አነሣሁት። አስገብቶ አጎዛ አነጠፈልኝ፤ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር አቀረበ፣ አረቄ ቀዳ። እሱም እንደ እኔ ብቻውን ነው የሚኖረው። ያዘጋጀሁትን ንግግር ልጀምር ስል እሱ ቀደመኝ።

«ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ በጎረምሳነቴ። ከዚያ ወዲህ የሚነበብ ነገር ከቤቴ ገብቶ አያውቅም። ማርቆስ ስሄድ ሥራ የለኝ፣ እዚያች አግዳሚ ላይ ብቀመጥ ጋዜጣ ሰጡኝ፣ ጠዋት ጠዋት አንድ መምህር ይሞላዋል አሉኝ። ባየው ሁሉ ነገር ተሞልቶ ማማና ሳማ ብቻ ባዶ ናቸው። እኔ ደግሞ ቆላ ማሽላ ስጠብቅ ማማ ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። ይህ መምህር ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ቦታ እየተወ ነው አልሁ። ጻፍሁ። ሲያጠፉት ጊዜ ደግሞ፣ አሳምረህ ጻፍ ማለታቸው ነው፣ ድሮስ አስተማሪ እንዲህ አይደል አልሁና እንደገና ጻፍሁ።»

የአረቄ መለኪያዬን መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

«ኋላ ያ ሰውዬ ጻፈ» አለ። ከትራሱ ሥር የታጠፈ ጋዜጣ አውጥቶ ዘረጋው። «ከዳር እስከ ዳር ራሴ ያነበብሁት የመጀመሪያ ነገር ይኸ ነው፣ መምህር።» ጣቱን አስቀድሞ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለቀመ አነበበልኝ። ‹መሃይም› የሚለው ላይ ሲደርስ አልዘለለውም። «መሳፍንት፣ ከደብረ ማርቆስ» ብሎ ጨረሰ። «እኔን እንደሆነ አውቃለሁ። ከዚያ ሁሉ አገር ማማን የምሞላ እኔ ነኛ! ያን ሰውዬ ባገኘው ምን አደረግሁህ ብዬ እጠይቀው ነበር። ምን አደረግሁህ፣ ሌላ ምንም አልለው። ያውቁታል?»

ይኸው ጊዜው ደረሰ። የመጣሁትም ለዚህ ነው። ፊቱን አየሁት፤ ቁጣ የለበትም፣ ቁጣ ቢኖርበት በቀለለኝ ነበር። እኔ ነኝ ብለው አስነሥቶ እንደማያስወጣኝ አውቃለሁ፣ የጨዋ ልጅ ነው። ድንቹን ያበላኛል፣ መኪና ድረስ ይሸኘኛል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ጋዜጣ ገልጦ እኔን አያስብም። ማክሰኞ ጠዋት የምሮጥለት ነገር ይቀራል።

«አላውቀውም» አልሁ።

«ተወው፣ ዕድሜ ይስጠው» አለና ጋዜጣውን አጠፈ። «ለመሆኑ የእርስዎ ስም ማነው? መምህር ሲሉዎት ነው የምሰማ።»

«ምናለ» አልሁት። የሟች ወንድሜ ስም ነው። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ እንደተናገርሁት ግን መመለሻ እንደሌለው ገባኝ።

«አያ ምናለ!» አለ ደስ ብሎት። የሠራሁለትን መስቀለኛ ቃላት አውጥቼ ሰጠሁት። ደጅ ወጥተን፣ ድንቹን ገፋ አድርገን፣ ሁለታችን ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ሞላነው። ማማ ላይ ሲደርስ ሳቁን ለቀቀው።

ይኸው ስምንት ወር ሆነ። መንገድ ክፍት በሆነ ረቡዕ ሁሉ አዲስ ሠርቼ እሄዳለሁ። ማርቆስ ተመለሱ ብዬ ለምኜው አላውቅም፤ እዚያ ቢመጣ የቤቴን ቁጥር የሚያውቅ ሁሉ ስሜንም ያውቃል። ልቤ ሳይቆርጥ እውነቱን ልንገረው እያልሁ አራት ጊዜ ጀምሬአለሁ። በአራቱም «አያ ምናለ፣ ምን ሊሉኝ ነው?» ሲለኝ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስሁ። ሳላየው ስውል ይከፋኛል፣ ሳየው ደግሞ የሚያየው እኔን አይደለም። ብቸኝነት ማለት ባዶ ቤት መግባት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ባለፈው ረቡዕ ስደርስ እሱም አንድ ወረቀት ይዞ ጠበቀኝ። ከደብተር የተቀደደ ነው፣ ካሬዎቹን ያለ ማስመሪያ አስምሮ ሠርቶታል፣ መስመሩ ሁሉ ተንጋዷል።

«ዛሬ እርስዎ ይሞላሉ» አለኝ። «ሁለት ሳምንት ነው የለፋሁበት።»

ጥያቄዎቹ ሰባት ናቸው። ስድስቱን ሞላሁ፤ የእርሻ ዕቃና የእህል ስም ናቸው፣ አንዷንም አልሳትሁም፣ እሱ አስተምሮኛል። ሰባተኛው መሐል ላይ ነው፣ ሌሎቹ ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚተላለፉት። «ከማርቆስ ድረስ ሰውን ብሎ የሚመጣ ወዳጅ፣ ሦስት ፊደል» ይላል። አበባው አፉን በጋቢው ሸፍኖ ፊቴን ያያል፣ ሳቁ ሊያመልጠው ነው። ካሬዎቹን በእርሳሱ ጫፍ አንድ ባንድ ቆጠርኋቸው።

«አወቁት?» አለኝ።

«አወቅሁት» አልሁና ም፣ ና፣ ለ ብዬ ሞላሁት።